የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናትና አባት በሰው እጅ ሲጠበቁ፦ ክብራቸው እንዳይጎድል ምን እናድርግ?

ይህ መመሪያ እናቱን ወይም አባቱን አረጋውያን መኖሪያ ላስገባ፣ ወይም በቤቱ ተንከባካቢ ቀጥሮ ለሚያስጠብቅ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። የመርሳት ሕመም፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአልዛይመር የሚመጣ ሲሆን ስምን፣ ቀንንና መንገድን እየነጠቀ ይሄዳል። ማፈር፣ መከፋት፣ መወደድን ማወቅ ግን ቶሎ አይጠፋም። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት ልብሳቸው ሊወልቅ ሲል ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይይዛሉ። ተንከባካቢዋ «ዛሬ አስቸገሩኝ» ትላለች፤ እሳቸው ግን ገላቸውን እየሸፈኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን ከመረዳት የሚነሣ ነው።

«ጃጁ» ከማለት በፊት

እናታችሁን መኖሪያ ከማስገባታችሁ በፊት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ወስዳችሁ በደንብ አስመርምሩ። የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ ቀስ እያለ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት ሕመም ይመስላሉ፤ ሲታከሙ ግን ሊሻሻሉ ይችላሉ። ጆሮና ዓይናቸውም ይታይ። ጥያቄውን ያልሰማ ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ ሰው ደግሞ «ሳቱ» ይላል። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም የአረጋዊን አእምሮ ያደበዝዛሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ አልዛይመር በወራትና በዓመታት የሚገፋ ሕመም መሆኑ ነው። ትናንት ሲያወሩ የነበሩ እናት ዛሬ ከፈዘዙ፣ ከቃዡ፣ ቀንና ሌሊቱ ከተምታታባቸው፣ በሽታው «ስለባሰባቸው» ነው ብላችሁ አትለፉ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ወባም አይረሳ። የአረጋዊ ሰውነት ታሞም ላይሞቅ ይችላልና ትኩሳት የለም ብላችሁ አትዘናጉ። በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

አንድ ገጽ ጻፉ

መኖሪያው በፎርም የሚቀበላችሁ ስም፣ ዕድሜና የመድኃኒት ዝርዝር ነው። በሌሊት ተረኛ የሆነችው ልጅ የሚያስፈልጋት ግን ሌላ ነው። በትልቅ ፊደል፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉላት፤ ሁለት ገጽ የሚያነብ ተረኛ አይገኝም። የሚከተሉት ይግቡበት።

ምን ተብለው መጠራት እንደለመዱ፦ እማማ፣ እትዬ፣ ወይዘሮ፣ ከመነኮሱም እማሆይ። የት እንደተወለዱና ምን ሲሠሩ እንደኖሩ፦ ዘጌ ቡና ሲለቅሙ፣ ደቅ ደሴት ሲያርሱ፣ ከተማ ጠላ ሲጠምቁ፣ አስተማሪ ሆነው። የልጆቻቸው ስም፣ በሕይወት የሌሉትም ጭምር፣ ምክንያቱም የሚጣሩት ብዙውን ጊዜ የሞተውን ነው። በስንት ሰዓት እንደሚነቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለኪዳን ሌሊት 10 ሰዓት ሲነሡ የኖሩ እናት መኖሪያ ውስጥም በዚያው ሰዓት ይነቃሉ፤ ይህ ካልተጻፈ «እንቅልፍ የላቸውም» ተብሎ የማስተኛ ክኒን ይታዘዝላቸዋል። ቡና በጨው ነው ወይስ በስኳር? በየትኛው ጎናቸው ይተኛሉ? ሲያማቸው ምን ያደርጋሉ? ብዙዎች «አመመኝ» ማለት ሲያቅታቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ወይም ምግብ ይገፋሉ። የሚያስፈራቸውስ ምንድን ነው?

ገጹን በላስቲክ ሸፍናችሁ በቁም ሳጥኑ በር በውስጥ በኩል ለጥፉት። ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ስለ ሽንታቸው የተጻፈ ነገር ለጠያቂ ሁሉ የሚነበብ ከሆነ ገጹ ራሱ ክብራቸውን ይነካል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ለሠራተኞቹ በግልጽ ተናገሩ። እናንተ እናታችሁን «አንቺ» ብትሏት ፍቅር ነው፤ የሃያ ዓመት ተንከባካቢ ግን «እርስዎ» ትበላቸው። «እንደ ሕፃን ሆነዋል» የሚለው ንግግር እሳቸው ባሉበት አይነገር። ሐኪም ሲመጣም መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም ይበል፣ እሳቸውን ይጠይቅ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይዙር።

ገላ ማጠብ

ብዙ ጠብ፣ ብዙ ለቅሶና ብዙ መቧጨር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው። ሙሉ ገላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ መታጠብ ያለባቸው ፊት፣ እጅ፣ ብብትና ብልት ናቸው። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት፣ ክፍሉ በፀሐይ ሲሞቅ ነው። እናትን ሴት፣ አባትን ወንድ ያጥባቸው፤ መኖሪያውን ስትመርጡ ይህንን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ነገር አጠገብ ይቅረብ፦ ሁለት ሳፋ፣ አንድ ጆግ፣ ሦስት ትናንሽ ፎጣ፣ አንድ ትልቅ ፎጣ፣ ለመሸፈኛ ነጠላ ወይም አንሶላ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ በሚለበስበት ቅደም ተከተል የተደረደረ ንጹሕ ልብስ። ሳሙና ረስታ የወጣች ተንከባካቢ ከኋላዋ ራቁታቸውን የተቀመጡ እናት ትታለች፤ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ውኃው 37 ወይም 38 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ በክንድ የውስጥ ቆዳ ላይ ለብ ማለት አለበት፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያታልላል። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ሙቁ ይከተል።

1. «ገላዎን ይታጠቡ» ተብሎ አይጀመር። «እግርዎን ልጠብልዎ?» ይባል። በአገራችን ለእንግዳና ለታላቅ እግር ማጠብ የአክብሮት ወግ ስለሆነ ጥያቄው አያስደነግጥም። ውኃ በድንገት ከራስ ላይ ሲወርድ ግን በሕመሙ ላይ ያለ ሰው የሚሰጥም ይመስለዋል።

2. ከትከሻቸው ጀምሮ ነጠላ ወይም አንሶላ ይደረብላቸውና ቀሚሱ ከሥር ይውጣ። ከዚህ በኋላ የሚገለጠው የሚታጠበው ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ይሸፈናል፤ ሌላው እግር፣ ከዚያ ይሸፈናል።

3. አንዱን ትንሽ ፎጣ በእጃቸው አስይዟቸው። የሚያሹት ጉልበታቸውን ብቻ ቢሆንም እጃቸው ሥራ አግኝቷል፣ አጣቢዋንም አይገፋም።

4. ቅደም ተከተሉ እግር፣ እጅ፣ ጀርባ፣ ደረት ነው። ብልትን በሌላ ፎጣ፣ ከፊት ወደ ኋላ፤ ወደ ፊት መመለስ የሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል። እጃቸው የሚታዘዝላቸው ከሆነ ፎጣውን ሰጥታ «ይህችን እርስዎ ይጨርሱ» ብላ ፊቷን ታዙር።

5. በፎጣ መታሸት ሳይሆን መጫን። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፤ ይላጣል። ከጡት ሥር፣ በብሽሽትና በእግር ጣቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ይወጣል።

6. ፊት በመጨረሻ። ፀጉር በሌላ ቀን።

እምቢ ካሉ ይቁም፣ ይሸፈኑ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወይም በሌላ ተንከባካቢ ይሞከር። ሁለት ሰው ይዞ ማጠብ አንድ ቀን ያሳልፋል፤ የሚቀጥሉትን ሳምንታት ግን ያበላሻል፣ ምክንያቱም ድርጊቱ ቢረሳም ፍርሃቱ ይቀራል።

ማተባቸው አይፈታ፣ አይቆረጥ፤ ከራሰ በፎጣ ይደርቃል። ሙስሊም እናት ከሆኑ ሻሻቸው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለእሳቸው ከእግር ይልቅ ከእጅ መጀመር ይሻላል፤ ማንቆርቆሪያው ሲቀርብ እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ እያለ የሚሄደውን የውዱእ ሥርዓት ሰውነታቸው ራሱ ያስታውሰዋል።

ስለ ፀጉር ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። አንዳንድ ቦታ ለሥራ እንዲመች የሁሉም ፀጉር ይላጫል። መነኩሲት ካልሆኑ ወይም ራሳቸው ካልፈለጉ አትፍቀዱ። ሹሩባ የለመዱ እናት በመስተዋት ራሳቸውን ተላጭተው ቢያዩ ሐዘን የደረሰባቸው ሊመስላቸው ይችላል። ተባይ ካለ መድኃኒትና ቅጫም ማበጠሪያ አለለት። አባትም ካህን ከሆኑ ጢማቸው አይነካ፣ ጥምጣማቸው ከራሳቸው አይለይ።

ሽንት ቤት

በቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ እንዲሁም ሲነቁ፣ ከምግብ በኋላና ሊተኙ ሲሉ ይሂዱ። ሰው መሀል «ሽንትዎ መጣ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ይነሡ፣ ትንሽ ወዲያ እንበል» ይበቃል። ቀሚስ መጎተት፣ መቁነጥነጥ፣ ተነሥቶ መቆም ምልክቱ ነው። የመጸዳጃው በር ከአልጋቸው የሚታይ፣ ሌሊትም መብራት ያለው ይሁን።

ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ለደከመ ጉልበት አይሆንም። አናጢ መቀመጫው የተቀደደ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ከመሬት ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ወንበር ይሠራል፤ ከሥሩ ባልዲ ይገባል። እግራቸው መሬት መርገጡን አረጋግጡ፤ ከተንጠለጠለ ማማጥም ሚዛን መጠበቅም ያቅታል። ዙሪያው በመጋረጃ ይከለል።

ዳይፐር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሠራተኛ ስላነሰ የሚደረግ መሆን የለበትም። ከተደረገም ቢያንስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይታይ፣ እንደቆሸሸ ይቀየር፤ ስሙም «የውስጥ ልብስ» ይሁን። ልብሳቸው ከራሰ «ውኃ ፈሰሰብዎት፣ እንቀይርልዎ» ማለት ፊታቸውን ያድናል። አልጋ እንዳያርሱ ተብሎ ውኃ መከልከል ግን ራሱ በሽታ ያመጣል፤ ሽንት ሲወፍር ኢንፌክሽንና ድርቀት ይከተላሉ፣ ግራ መጋባቱም ይብሳል። ሐኪም ካልከለከለ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ይጠጡ፣ አብዛኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት።

ምግብና ጾም

ሰውን በእጅ ማጉረስ በእኛ ዘንድ ውርደት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ስለዚህ በማንኪያ ከማብላት ጉርሻ ይሻላል። ነገር ግን ለበዓል የሚጎረሰው ዓይነት ትልቅ ጉርሻ ያንቃል፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ይሁን፣ ከፊታቸው ቁጭ ብላችሁ እያዩት ይምጣ፣ ያለፈው ተውጦ አፋቸው ባዶ ሳይሆን ሁለተኛው አይቅረብ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይጋደሙ። በወጥ የራሰ ፍርፍር ከደረቅ ዳቦ ይቀላል። የጣና ዓሣ የሚወዱ ከሆነ አጥንቱ ወጥቶ፣ ሥጋው በጣት ተዳብሶ ይቅረብ። በምግብ ሰዓት የሚያስሉ ወይም ድምፃቸው እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ጾምን በሚመለከት አንድ ነገር አይደረግ፦ «አይገባቸውም» ብሎ በጾም ቀን የሥጋ መረቅ በሽሮ ስም መስጠት። እሳቸው ቢረሱም እናንተ ታውቃላችሁ። የነፍስ አባታቸውን ጥሩ፤ ለበሽተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ በራሳቸው አንደበት ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ እህል እምቢ ሲሉ «አባ ፈቅደዋል» የሚለው ቃል ይሠራል። ያም ሆኖ ጾሙን ከፈለጉት ሰዓቱን አሳጥሮ በሽሮ፣ በምስር፣ በለውዝና በተልባ መመገብ ይቻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ባዶ ሆድ መቆየት አደጋ ነው።

የሞተውን ሲጠይቁ

«አባታችሁ ከገበያ አልመጣም?» ይላሉ፤ አባታችሁ ከሞቱ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። «ሞተዋል እኮ፣ ረሱት?» ብሎ መመለስ እውነት ነው፤ ለእሳቸው ግን አዲስ መርዶ ነው። ያለቅሳሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ረስተው ይጠይቃሉ፣ እንደገና መርዶውን ይሰማሉ። ማንም ሰው በቀን ሦስት ጊዜ መርዶ አይነገረውም። መዋሸትም አያስፈልግም። «ናፈቁዎት? ምን ይዘው ይመጡ ነበር?» በሉ፤ ወሬው ወደ ሰውዬው ይሄዳል፣ ጭንቀቱም ይበርዳል። ደጋግመው፣ በጽኑ፣ በንቃት «ሞቷል ወይ?» ብለው ከጠየቁ ግን አንድ ጊዜ፣ እጃቸውን ይዛችሁ፣ በለሆሳስ እውነቱን ንገሯቸው።

እጃቸው ሥራ ይያዝ። ምስር መልቀም፣ ቡና መልቀም፣ ጥጥ ማባዘት፣ ከቻሉም እንዝርት። የለቀሙት ምስር የእውነት ይቀቀል፤ ተመልሶ ከቆሻሻው ጋር ሲቀላቀል ካዩ ይገባቸዋል።

ምሽት፣ መጥፋት፣ መታሰር

ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ብዙዎች ይቅበጠበጣሉ፤ «ቤቴ ልሂድ» ይመጣል። ከመምሸቱ በፊት መብራት ይብራ፣ ጫጫታ ይቀንስ፣ ለ15 ደቂቃ በግቢው ይራመዱ። በር ላይ ቆሞ ከመከራከር አብሮ ወጥቶ መመለስ ይፈጥናል።

የእጅ አምባር ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፍ፣ ነጠላቸው ጠርዝ ላይም ይሰፋ። የቅርብ ፎቶ በስልካችሁ ይኑር። በሰፈሩ ጥግ ለሚቆሙ የባጃጅ ሾፌሮችና ለሱቁ ባለቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። ከጠፉ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ግቢውንና የጎረቤት ግቢ ፈልጉ፤ ካልተገኙ ለፖሊስ ደውሉና ፍለጋውን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደሚሳለሙበት ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቀድሞ ቤታቸው አቅጣጫ አድርጉ። መኖሪያው ጣና ወይም ዓባይ ዳር ከሆነ ወደ ውኃው የሚወስደው በር መዝጊያ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ፤ ደንገል ውስጥ የገባ ሰው ከመንገድ አይታይም።

አልጋ ላይ ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም። የታሰረ ሰው ሲታገል ይቆስላል፣ ይታነቃል። ከፍ ያለ የአልጋ ዳር ብረትም ሲሻገሩት ከበለጠ ከፍታ ይጥላል። ዝቅ ያለ አልጋ ወይም መሬት ላይ የተነጠፈ ወፍራም ፍራሽ ይሻላል። አጎበር ለወባ ግድ ነው፤ ነገር ግን የተጠመዱ እየመሰላቸው ይቀዳድዱታል። ሰፊ አጎበር ከፍ ተደርጎ ይሰቀል፣ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ፤ በሚወርዱበት በኩል ግን በእጃቸው ሳብ ሲያደርጉት የሚወጣ ይሁን።

«ዝም እንዲሉ» ተብሎ ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን ከታዘዘ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለምን፣ በስንት መጠን፣ እስከ መቼ። እነዚህ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራሉ። ራሳቸውን ወይም ሌላውን ሊጎዱ ሲሉ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ ተገቢ አይደሉም።

ስትጠይቋቸው

«ማን ነኝ? አወቁኝ?» ብላችሁ አትፈትኗቸው። «እኔ ልጅዎ እገሌ ነኝ፣ ልጠይቅዎ መጣሁ» በሉ። ሰዓታችሁን እየቀያየራችሁ ሂዱ፤ አንዳንዴ በምግብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ምሽት። እነዚህን እዩ፦ የለበሱት የራሳቸውን ልብስ ነው ወይ (በውስጥ በኩል በቀለም ክር ምልክት አድርጉበት)፤ መነጽራቸውና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አለ ወይ፤ ጥፍራቸው ተቆርጧል ወይ፤ በተረከዛቸው፣ በዳሌያቸውና ከወገብ በታች ባለው አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል ወይ። ተጭኖ ሲለቀቅ የማይነጣ መቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው፤ ከአልጋ የማይነሡ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ። በየወሩ ይመዘኑ፤ በአንድ ወር 5 በመቶ ክብደት መቀነስ ሐኪም የሚጠራ ነገር ነው።

ቅሬታ ካላችሁ ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ ለኃላፊው ንገሩ። ተንከባካቢዋን እናታችሁ ፊት አትቆጡ፤ እናንተ ስትሄዱ አብረው የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ፎቶን በሚመለከት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ልደቱን ወይም ሠርጉን ከአረጋውያን ጋር ሊያከብር የመጣ ሰው ሲያጎርስ ይቀረጻል፣ ቪዲዮውም ቲክቶክ ላይ ይወጣል። መኖሪያዎችም ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ፎቶ ይለጥፋሉ። እርዳታው አስፈላጊ ነው፤ ግን አፋቸው ተከፍቶ ወይም አልጋ ላይ ሆነው መታየትን ጤነኛ ሳሉ የማይፈቅዱት እናት ዛሬም አልፈቀዱም። «የእናታችን ምስል አይወጣም» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ቅጂውን ያዙ።

ሳይረፍድ የሚያልቁ ጉዳዮች

ውክልና የሚሰጠው የሚሰጡትን እያወቁ ነው። ለጡረታ፣ ለባንክ፣ ለቤት ካርታ የሚሆነውን በሕመሙ መጀመሪያ፣ ገና ሲረዱ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የፍርድ ክልከላ (ራሳቸው ውል እንዳይዋዋሉ የሚያደርግ ውሳኔ) ማስወሰንና ሞግዚት ማሾም ነው፤ ረጅም ነው፣ ወንድምና እህትንም ያጣላል። የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ማን እንዲናዝዛቸው እንደሚሹ በዚያው ሰሞን ጠይቃችሁ ጻፉ።

እድራቸው አይቋረጥ። መኖሪያ ገቡ ተብሎ መዋጮ ሲቆም ስማቸው ከመዝገብ ይወጣል፤ ጎረቤትም የት እንደደረሱ አያውቅም። መዋጮውን እየከፈላችሁ ለእድሩ ዳኛ የመኖሪያውን አድራሻና የመጠየቂያ ሰዓት ስጡት፤ ጠያቂዎቹ በአንዴ ተግተልትለው ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነው በየሳምንቱ ቢሄዱ እሳቸውም አይደናገጡም፣ ሠራተኞቹም ሰው እንዳላቸው ያውቃሉ።